ሴሊካ ወይስ ፊልደር? ዓባይ በረሃ ላይ ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ያገለገለ መኪና ለሚገዙ አንባቢዎች የሰጣችሁት ምክር «ሁለት ከቀረበላችሁ አዲሱን ምረጡ» የሚል ነው። ለጎጃም መንገድ ይህ ግማሽ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የወጣችውን ባለ 1.8 ሊትር ማንዋል ቶዮታ ሴሊካ፣ ከ2006 ወዲህ ከተሠራችው ባለ 1.5 ሊትር ሲቪቲ (በብረት ቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ) ቶዮታ ኮሮላ ፊልደር ጋር እናስተያይ።

ጉልበት ላይ ክርክር የለም፤ የሴሊካ 140 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ የፊልደር 110 ነው። ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በአየሩ መሳሳት ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ፊልደር አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ይዛ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ የምትጮኸው ለዚህ ነው እንጂ ታማ አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ቁልቁለቱ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ በከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ሴሊካን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ካስገቧት ሞተሩ ይይዛታል። ፊልደር በ«ዲ» ከተለቀቀች ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። እግር ከፔዳሉ ሳይነሳ ሲወረድ ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በ140 ሊፈላ ይችላል። ከፈላ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ወለል ይነካል። መኪናው የፈለገው ዓመት ምርት ይሁን፣ በየሁለት ዓመቱ ዶት 4 ይግባለት። አንድ ሊትር ይበቃል፤ ከራቀው የኋላ ጎማ ተጀምሮ ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ አየሩ ይውጣ። የፊልደር ሾፌር ደግሞ ከ«ዲ» ወደ ከባድ ማርሽ የሚለውጠው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው።

ዳገት ላይ በሙቀት የምትጎዳው የቆየችው ሴሊካ ናት። ደጀን ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የሞተሩ የሥራ ሙቀትም ከዚያ አይርቅም። እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክፈቱና የክዳኑን ጎማ በጥፍር ጫን ጫን አድርጉት፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የአፉ ቅርጽ ታትሞበት ከቀረ ግፊት አይይዝም። ላዩ ላይ የግፊቱ መጠን 1.1 ተብሎ ከተጻፈ ተተኪውም 1.1 ይሁን። «እንዳይሞቅ» ተብሎ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥቶ መጣል ክፉ ልማድ ነው፦ ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ቤንዚን ይፈጃል፣ የደከመ ክዳን ግን እንደደከመ ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴሊካ ሌላም ነውር አላት። የፒስተኑ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በጥቀርሻ ይደፈናሉ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይጣበቃል፣ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርዳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ሰማያዊ ጭስ ከታየ ዋጋው ይቀነስ፣ ወይም ይቅር። ኮረኮንች ላይም ዝቅ ያለ ሆዷ ድንጋይ አያልፍም።

ለቤተሰብ ፊልደር ትሻላለች፤ የሲቪቲ ዘይቷ ከታወቀ። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከተሞላባት የብረት ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል፣ ካምቢዮውም አይተርፍም። ሻጩ ምን ዘይት እንደተቀየረላት መናገር ካልቻለና ገዢው ብቻውን አስፋልት ላይ የሚነዳ ከሆነ፣ ጭስ የሌላትን ሴሊካ ይውሰድ።

የጋራዥ ባለሙያዎች
ከደብረ ማርቆስ