ለእማዬ፣ ከወዲያኛው መርካቶ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ ዓርብ ሆኖ ስለ ሥጋ ልጽፍልሽ ነውና አስቀድመሽ ይቅር በይኝ። የበላሁት ግን ትናንት ሐሙስ ነው። ትንሿ ይህን ስታነብልሽ ፊትሽን እንዳታጨፈግጊ።

ትናንት ፍሎሬንስ ነበርኩ። የማስታምማቸውን ሲኞራ ልጃቸው ስለወሰዳቸው ሙሉ ቀን እረፍት አገኘሁ። እሳቸው የዚያች ከተማ ተወላጅ ናቸው። «ሳን ሎሬንዞ ገበያ ሄደሽ ላምፕሬዶቶ ሳትበዪ ጣሊያን ኖርኩ እንዳትዪ» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ሁለት ዓመት ሞላቸው። ከምኖርባት ከቦሎኛ በፈጣኑ ባቡር አርባ ደቂቃ አይሞላም። ታችኛው ወለል ከሰዓት በኋላ ስለሚዘጋ በጠዋት ተነሣሁ።

ገበያው የብረትና የመስታወት አዳራሽ ነው። በፈረንጆቹ 1874 ተሠርቶ አለቀ፤ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ 12 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። መሐል ከተማ የነበረውን የድሮ ገበያ እንዲተካ ታስቦ ነው የተሠራው። ይህን ስሰማ የእኛው አራዳ ትዝ አለኝ። ጊዮርጊስ ጋ የነበረውን ገበያ በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች ወደ ምዕራብ ገፉት፤ አንቺ ዕድሜሽን የጨረስሽበት ሰፈርም ስሙን ከእነሱ ወሰደ። መርካቶ ማለት በእነሱ ቋንቋ ገበያ ማለት ብቻ ነው። ሲኞራን «እናቴ መርካቶ ነበር የምትሠራው» ስላቸው «የትኛው መርካቶ?» ይሉኛል። «መርካቶ የሚባለው መርካቶ» እላቸዋለሁ። እስከ ዛሬ አልገባቸውም።

ገና ስገባ የእንስላል ሽታ ጠራኝ። ደስ ብሎኝ ተከትዬው ሄድኩ። ለካ ቋሊማ ነው፣ ያውም የአሳማ! አማትቤ ዞርኩ። ቀጥሎ በክር የተሰካ ደረቅ በርበሬ ተንጠልጥሎ አየሁ። እጄ አላርፍ ብሎ አንዱን ሰበር አድርጌ ላሸት ስል ባለቤቷ «አይነካም!» ብላ ጮኸችብኝ። እማዬ፣ አንቺን ቁርጥ! በርበሬ ተራ እያለሽ ሳይገዛ ማረቆሽን የሚሰብረውን ሰው የምታይበት ዓይን ነበረሽ አይደል? ያንኑ ዓይን አየሁት። ይቅርታ ጠይቄ አንድ እፍኝ ገዛሁ። አያቃጥልም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ላምፕሬዶቶ ማለት ላሟ ካሏት አራት ሆዶች የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የከብት መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። ሰውየው ከሚፈላው ድስት በትልቅ ሹካ አወጣው። እንፋሎቱ መነጽሩን ሸፈነው፤ እሱ ግን ሳያይ ይከትፋል። ክብ ዳቦ ከፍሎ ከተተው፣ ከዚያ የዳቦውን ክዳን መረቁ ውስጥ ነከር አደረገና ገጠመው። ከላይ ቅጠላ ቅጠል የሆነ አረንጓዴ ስጎ ያደርጉበታል። የዳጣ ዘመድ ይመስላል፤ ግን ጨዋ ነው፣ አያቃጥልም። ቆሜ በላሁት። መረቁ በክንዴ ላይ ወረደ። ጨጓራ በሎሚና በጨው እያሸሽ ስታጥቢ ውሃ የማመላለሰው እኔ ነበርኩ። «ፈረንጅ ይሄን ይጥላል» ትዪ ነበር። አይጥልም እማዬ። ይሰለፍለታል።

ላይኛው ፎቅ ሌላ ዓለም ነው። በፈረንጆቹ 2014 የምግብ አዳራሽ አድርገው ከፈቱት። ዙሪያውን ፓስታ፣ ፒዛ፣ ውሃ ውስጥ የተነከረ የጎሽ ወተት አይብ፤ ውሻ አነፍንፎ ከመሬት የሚያወጣው እንጉዳይ ሳይቀር አለ። ከፈለግሽበት ትገዢና መሐል ካለው የጋራ ጠረጴዛ ትቀመጫለሽ። ያምራል፤ ግን ከሚበላው ፎቶ የሚያነሣው ይበዛል። ዋጋውን አልነግርሽም፣ በብር አባዝተሽ ትጮሂያለሽ። ቡና ጠጥቼ ወረድኩ።

አንድ ነገር ግን ለአንቺ ብዬ ነው የያዝኩት። የዚያ አገር ዳቦ ከጥንት ጀምሮ ጨው የለውም። አዎ፣ ምንም! የሚጣፍጠውን ነገር ከላዩ እያደረጉ ይበሉታል። ሐኪሙ ለግፊትሽ ጨው ቀንሺ ሲልሽ «ከዚህ ወዲያ ገለባ ልብላ?» ብለሽ ተቆጥተሽ ነበር። ይኸው ሕዝቡ ሁሉ ማንም ሳያዘው ገለባሽን ይበላል፤ ሲኞራም በ87 ዓመታቸው ይበሉታል። ዳቦው ውስጥ የገባው ሥጋ ጨው ነበረው፤ አልዋሽሽም። አንቺም ወጡን ተዪው አላልኩሽም። ዳቦውንና ቅንጬውን ብቻ ያለ ጨው ሞክሪልኝ።

ትንሿ ግፊትሽን ትለካሽና ሁለቱንም ቁጥር ጽፋ ትላክልኝ። ባለፈው በስልክ «ደህና ነው» ብለሽ ያለፍሽው አልተዋጠልኝም።

የእንስላል ዘር ገዝቼልሻለሁ፤ ለፋሲካ በሚመጣ ሰው እልከዋለሁ። አትጠርጥሪው፣ አሳማ አልነካውም።

ልጅሽ