ለሚሰነብተው እንግዳም ይታሰብበት

ክቡር አዘጋጅ፣

ጅማ፣ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ዳር ለእንግዶች ክፍል አከራያለሁ። የቱሪስት ቪዛ ይጥበቅ የሚሉ ሰዎች ሥጋት ይገባኛል። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ የሚነግድ ካለ ሕግ ይጠይቀው። ረጅም ጊዜ የሚቆየው ሁሉ ግን በአንድ ዓይን አይታይ።

የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቶ በማግስቱ የሚሄድ እንግዳ የአንድ ሌሊት አልጋና እራት ይከፍላል። ተመስገን ነው። የሚሰነብተው ግን ሰፈሩን በሙሉ ይጠቅማል። አምና እኔ ጋ ያረፉ ጡረታ የወጡ መምህርት የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አሠራር ይማሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጠራቢው ጋ ይሄዳሉ። ከአንድ ግንድ፣ ያለ አንዲት ሚስማር እንዴት እንደሚወጣ እያዩ ራሳቸውም ይሞክራሉ። ለእሱ ይከፍላሉ። ሂርማታ ገበያ ወርደው ይሸምታሉ። ባለባጃጁም፣ ልብስ አጣቢዋም የድርሻቸውን ያገኛሉ።

ቡናችንም ጊዜ ይፈልጋል። በ30 ቀን ቪዛ የመጣ ሰው ለቀማውን ቢያይ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ደርቆ ሲፈለፈል ሳያይ ይሄዳል።

እኚህ ሴት ቪዛቸውን ለማራዘም አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ «ነገ ይምጡ» ሲባሉ ሰነበቱ። በመጨረሻ ተሰላችተው በዚያው አገራቸው ገቡ። በጣም አዘንኩ።

ማራዘሚያው እዚሁ ጅማ ይሰጥ። መመሪያ ሲቀየርም አስቀድሞ ይነገረን፤ ክፍል ለሚይዝ እንግዳ ምን እንደምንለው እንወቅ።

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ከጅማ