የአምስት ዓመት ልጅ ስንተኛ ትወጣለች?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ ከጅማ የምጽፍልዎ የአምስት ዓመት የልጅ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ይዛ የመጣችው የመንፈቅ ዓመት ካርድ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። በቀይ እስክርቢቶ «ከ52 ልጆች 41ኛ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ግርጌው ላይም «ቀርፋፋ ናት» የሚል አስተያየት ሰፍሯል። ይህችው ልጅ ባለፈው ቅዳሜ እናቷ ጥሬ ቡና ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጣ፣ ስድስት ስኒ ደርድራ፣ በየስኒው አምስት አምስት ፍሬ ጨመረች። አንዴ ተሳስታ ሁሉንም ዘርግፋ እንደገና ጀመረችና «ሠላሳ!» አለች። ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባታል፤ ያጣደፋት ግን አልነበረም።

ልጅ በራሱ ፍጥነት ይማር ሲባል ብዙ ወላጅ የፈረንጅ ቅንጦት ይመስለዋል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው፤ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ሀ ሁ፣ ሌላው አቡጊዳ፣ የበረታው ዳዊት ይል ነበር እንጂ ስንተኛ ወጣህ የሚባል ነገር አናውቅም። ቁርአን ቤት የተማሩ ጎረቤቶቼም እያንዳንዱ ልጅ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ሲያውቅ አጥቦ ወደሚቀጥለው ያልፍ እንደነበር አጫውተውኛል። አለንጋው ይመለስ ግን አልልም።

ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በድሆች ሰፈር በከፈተችው የሕፃናት ቤት የተጀመረው ዘዴ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ከመሣሪያዎቹ አንዱ አሥር ቀዳዳ ያለው እንጨትና ውፍረታቸው የተለያየ አሥር መሰኪያዎች ናቸው፤ ልጁ ቀጭኑን በሰፊው ቀዳዳ ከከተተ መጨረሻ ላይ የትም የማይገባ መሰኪያ እጁ ላይ ይቀርበታል፤ ስለዚህ ማንም ሳይቆጣው ስህተቱን ራሱ አይቶ ያርማል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሚያወጡት የጅማ አናጢዎች ይህን መሥራት ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም።

ለ52 ሕፃናት ብቻዋን የቆመችውን መምህርት አልወቅስም። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ እኔ ራሴ የዚህችን ልጅ እናት ካርድ ስቀበል አስቀድሜ የማየው ደረጃዋን ነበር። ይሁንና በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ መዋዕለ ሕፃናት በልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት ላይ እንዲያተኩር ይል ነበር እንጂ ሕፃናትን አወዳድሩ አላለም። የሚመለከታቸው የትምህርት ኃላፊዎች ቢያንስ «ደረጃ» የሚለውን ከሕፃናት ካርድ አስወጥተው፣ በቦታው ልጁ ምን መሥራት እንደቻለ እንዲጻፍ ቢያደርጉ፣ የልጅ ልጄ ካርድ «አምስት አምስት እያደረገች እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች» ይል ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አያት፣ ከጅማ