የእማማ ግድግዳ ላይ የነበረው ውሃ

ሐምቡርግ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣ የዴስኬ ተጋሪ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ይህ የሩቅ ሰው ሰላምታ ከእኔ ሲደርስሽ ምን እንደምትዪ አውቀዋለሁ። «ዛሬ ከየት ትዝ አልኳት?» ትዪና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትወረውሪዋለሽ። አቦሉን እስክትጨርሺ ትቆጪኛለሽ፤ ቶናው ላይ መልሰሽ ታነሺዋለሽ። የምጽፈው ቶናው ላይ ላለችው ነው።

የእማማን ማረፍ የሰማሁት በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰው አፍ ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የአንዲት አሮጊት ትራስ አስተካክዬ ወደ ኮሪደሩ ስወጣ መልእክቱን ስልኬ ላይ አገኘሁት። ቁጥርሽን አወጣሁ፤ «በስልክ ምን ብዬ አለቅሳለሁ» ብዬ መለስኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገው አርባ ሆነ። አርባው ሲያልፍ ደግሞ «አሁን ምን ፊት አለኝ» መጣ፤ ከዚያ ሙት ዓመት፣ ከዚያ አራት ዓመት። ሰበብ አይደለም፤ የሆነው ይኸው ነው። እጇ ላይ ያደግኩ ልጅ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደጅሽ አልቆምኩም። ብትቀየሚኝ ይገባሻል፤ ብቻ ቅያሜሽን ይዘሽ የምትመጪበት ቦታ ላሳይሽ ነው።

ግድግዳችሁ ላይ የነበረውን ፎቶ አልረሳሽም መቼም። ይርጋለም ሆስፒታል ይሠሩ ከነበሩት ኖርዌዮች አንዷ አገሯ ስትገባ ለአባትሽ የሰጠችው የቀን መቁጠሪያ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ እማማ ወሮቹን በመቀስ ቆርጣ ጣለችና ፎቶውን በሊጥ ለጠፈችው፤ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ ከኩራዙ በስተግራ። ጥቁር አረንጓዴ ውሃ፣ በሁለት ወገን ቀጥ ያለ ገደል፣ ግርጌው ላይ አንዲት ቀይ ቤት። የኩራዙ ጢስ አንዱን ገደል ከአናቱ አጥቁሮት ነበር። እማማ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ታይና «ይህ ውሃ ይጠጣል?» ትለን ነበር። እኛ የጂኦግራፊ ምሁራን ደግሞ «ሐይቅ ነው እማማ፣ እንደ ሐዋሳ ነው፣ ይጠጣል» እንላታለን።

ተሳስተናል። ሐይቅ አይደለም፤ ባሕር ነው።

ይህን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ኖርዌያዊት ናት። ፎቶውን በቃሌ ስስልላት ሳቀችብኝ። ፍዮርድ ይሉታል። ድሮ ግግር በረዶ ተራራውን እየፋቀ ወደ ታች ወረደና ጥልቅ ሸለቆ አወጣ፤ በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ገብቶ ተኛበት። ስለዚህ ውሃው ጨው ነው። ግን በእነርሱ በጋ ከተራራው የሚወርደው የበረዶ ቅላጭ ከባሕሩ ውሃ ስለሚቀል ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፤ ከላይ ብትቀምሺው ጨውነቱ ያንሳል። የእማማ ጥያቄ እኛ እንዳሰብነው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም ማለት ነው። የትኛው ፍዮርድ እንደሆነ ግን ልታረጋግጥልኝ አልቻለችም፤ በእጄ የገደሉን ጥበት ሳሳያት «ኔርዮይፍዮርድ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል» አለች። ይህ ኔርዮይፍዮርድ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ እጅግ ጠባብ በሆነበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር 250 ሜትር ብቻ ነው። ለእኔ ይህ በቅቶኛል። በመጪው ሰኔ ሄደን ውሃውን እንቅመሰው።

ዕቅዱን ሠርቼዋለሁ፤ አትቆጪ። እኔ ከኪል ወደ ኦስሎ በሚሄደው መርከብ እመጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሥቶ በማግሥቱ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል። አንቺ በአውሮፕላን። የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለሽ እስከ 90 ቀን ቪዛ አይጠይቁሽም፤ እኔና አንቺ በየኤምባሲው ደጅ ያሳለፍናቸውን ማለዳዎች አስቢና ተመስገን በዪ። ኦስሎ የምናድረው አንድ ሌሊት ነው። እዚያ የማሳይሽ ሙዚየም የለም፤ የማሳይሽ ቢስሌት ስታዲየምን ነው። መሠረት ደፋር እ.ኤ.አ. በ2007 የ5000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 14:16.63 ያደረገችው፣ ጥሩነሽ ዲባባ በዓመቱ 14:11.15 ያወረደችው እዚያው መም ላይ ነው። የጥሩነሽ ሰዓት ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2020 ቫሌንሲያ ላይ እስክትሰብረው ድረስ ቆይቷል። የትምህርት ቤታችንን ሴቶች ሁሉ አቧራ ያስበላሽ አንቺ ስለሆንሽ ደጁ ከተከፈተልን አንድ ዙር ትሄጂልኛለሽ። መሄድ አልኩ፤ ሩጪ አላልኩም።

ከዚያ ወደ ሰሜን እንበራለን፣ ቡዶ ወደምትባል ከተማ፤ ከቡዶ በጀልባ ወደ ሎፎተን ደሴቶች። የሥራ ባልደረባዬ አገር ነው። በእነርሱ ክረምት አጋማሽ የሚመጣውን ኮድ የሚባል አሣ ሁለት ሁለቱን በጅራቱ አስረው ትልልቅ የእንጨት ቆጥ ላይ ይሰቅሉታል። ጨው የለው፣ ጢስ የለው፤ ነፋስና ብርድ ብቻ ያደርቁታል። ሰኔ ላይ ማውረጃው ስለሆነ ልንደርስበት እንችላለን። አንድ ቀን ወደ ሥራ ቦታ አምጥታው ነበር። እንደ ማገዶ የደረቀ ነው። ምሳ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ፎጣ ዘርግታ በመዶሻ ትቀጠቅጠው ጀመር፤ እየተፈለጠ ሲወጣ አንዱን ስንጥር ሰጠችኝ፣ አላመጥኩት፣ መጀመሪያ እንጨት፣ ቀጥሎ ቋንጣ። ቋንጣ ነው እኮ! ጥሩ ጥሩው ወደ ጣሊያን፣ ራስ ራሱ ወደ ናይጄሪያ ይላካል አለችኝ። ክፍሉ ሳምንት ሙሉ ሸቷል፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

የሚያስቸግረኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ሎፎተን ላይ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ፀሐይ አትጠልቅም። እኛ ደግሞ ሰዓታችንን የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን ነው፤ ያልገባች ፀሐይ እንዴት ብላ ትወጣለች? ፀሐይዋ እጅግ ዝቅ የምትለው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው ይላሉ፤ አየሽ፣ «ከሌሊቱ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሌሊት የሌለበትን። መጋረጃው ወፍራም የሆነ ማደሪያ ነው የፈለግኩት። አንቺ ግን እንደማትተኚ አውቃለሁ፤ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለሽ የአራት ዓመቱን ታወጪዋለሽ። ይሁን። መጨለሚያ ስለሌለ «መሽቷል እንተኛ» ብዬ አላመልጥሽም።

አንድ ነገር ብቻ ከዕቅዱ ሰርዣለሁ፤ የተራራውን ጎጆ። እ.ኤ.አ. በ1868 የተመሠረተ የተጓዦች ማኅበር አላቸው፤ በየተራራው ከ500 በላይ ጎጆዎች አሉት። አንዳንዶቹ ውስጥ ጠባቂ የለም፤ ዱቄትና ቆርቆሮ ምግብ መደርደሪያው ላይ ይጠብቅሻል፣ የበላሽውን ራስሽ ጽፈሽ ትከፍያለሽ። ስሰማ አላመንኩም፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። ከፍ ያለው ተራራ ግን ሰኔ ላይ ገና በረዶ ነው፣ የእኔም ጉልበት አይፈቅድም።

ከሎፎተን ወደ በርገን። በዓመት ከ200 ቀን በላይ ዝናብ የሚዘንብባት ከተማ ናት፤ ክረምት ናፈቀኝ ትዪ አልነበር? የድሮ ነጋዴዎች የእንጨት ቤቶች ወደቡ ዳር አሉ፤ እርሱን አይተን በነጋታው እንነሣለን። ያ ቀን ሰኔ 12 ነው፣ ዓርብ፣ ሰኔ ሚካኤል። ሆን ብዬ ነው ያገናኘሁት። እማማ በዓመት አንዴ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ የምትዘክርበትን ቀን ሌላ ቦታ ማሳለፍ አልፈለግኩም። በባቡር እስከ ቮስ፣ በአውቶቡስ እስከ ጉድቫንገን፣ ከዚያ በጀልባ ኔርዮይፍዮርድን እናቋርጣለን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጉድቫንገን ስንደርስ ቀድመን ወደ ውሃው ወርደን እንቀምሳለን። ጀልባው ከሚያደርሰን ከፍሎም በትንሿ ባቡር እንወጣለን፤ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፣ ግን ከባሕሩ አፍ ተነሥታ 866 ሜትር ትወጣለች። ከዚያ ትልቁ ባቡር ወደ ኦስሎ ይወስደናል። የመንገዱ ከፍተኛ ጣቢያ ፊንሰ ይባላል፣ 1222 ሜትር። ይርጋለም ከ1700 በላይ ነው! እንሰት ከሚበቅልበት አገራችን በታች ቆመን ግግር በረዶ እናያለን። ይህን ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ይወዱታል።

ስለ ስንቅ፤ ቋንጣና ቅቤ እንዳታመጪ። ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ኬላ ላይ ይወስዱብሻል። በሶ፣ ሽሮና በርበሬ አምጪ። የሰኔ ጾም ውስጥ ስለምንሆን አሣው ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ፤ እኔ የበላሁትን አልነግርሽም። እሑድ ሱቆቹ አብዛኛዎቹ ዝግ ናቸው፣ ሁሉ ነገር ውድ ነው፣ የቧንቧው ውሃ ግን ንጹሕ ነው፤ ጠርሙስ አንገዛም። የመርከቡንና የማደሪያውን እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ የአውሮፕላኑን። በዚህ አትከራከሪኝ፤ ለለቅሶ ያልያዝኩት እንጀራ አለብኝ።

ቤታችሁ ሲሸጥ ፎቶውን ከግድግዳው ፍቀሽ አንስተሽ ወደ ቨርጂኒያ እንደወሰድሽው ሰምቻለሁ። ይዘሽው ነይ። ጥቁሩን ጥግ አትጥረጊው።

እዚህ የክረምት ጫማ በቅናሽ እየሸጡ ነው፣ ውሃ የማያስገባ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። አሁንም ቁጥርሽ 38 ነው? ወይስ እንደ እኔ እግርሽ ሰፋ? በስልክም ቢሆን ጻፊልኝ፤ ቁጥሬ አልተቀየረም።

ያንቺው የዴስክ ተጋሪ