ቅዳሜ ኑድሉን እኔ እሠራልሻለሁ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ?

ባለፈው ስመጣ ከምግብ ቤት ይዤልሽ የመጣሁትን ኑድል አልረሳሁትም። ኑድሉንና አትክልቱን ቀመስ ቀመስ አደረግሽ። ስጋውን ግን አንድ በአንድ እየለቀምሽ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋሽው። "ጠግቤያለሁ" አልሽኝ። አልጠገብሽም ነበር። እውነቱን የነገርሽኝ በኋላ ሳህን ሳጥብ ነው። ስጋው ለጥርስሽ ጠንክሮብሻል፣ ጨዉም ሐኪሙ ከፈቀደልሽ በላይ ነው። "እንግዲህ ይሄ ምግብ ለእኔ ቀረ" ያልሽው ነገር አንጀቴን በላው።

አልቀረም እማዬ። የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። በስልክ ብነግርሽ "ተው ልጄ፣ አትልፋ" ብለሽ ወሬ ትቀይሪብኛለሽ። ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው እንደምታነቢ አውቃለሁ።

ሁለት ወር ሆነኝ፣ እሑድ እሑድ እቤት እየሠራሁት ነው። የመጀመሪያው ቀን አልሆነልኝም። ስጋውን፣ ካሮቱን፣ ጎመኑን፣ ኑድሉን ሁሉ አንድ ላይ መጥበሻ ውስጥ ዘረገፍኩት። መጥበሻው ወዲያው ቀዘቀዘ። ሁሉም ውሃ አወጣ። ስጋው መጠበሱ ቀርቶ ተቀቀለ፣ መልኩም አመድ መሰለ። ኑድሉ ደግሞ ተጣብቆ አንድ ጉብታ ሆነ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ሆነ። ከዚያ ተቀምጬ ምክንያቱን ፈለግኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ መጥበሻው ላይ እስካለ ድረስ የስጋው ፊት ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ቡናማ መልክና ያ የምንወደው የጥብስ ሽታ የሚመጣው ግን ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው። የምግብ ቤት ምድጃ ከእኛ ምድጃ ብዙ እጥፍ ይበረታል፣ ውሃውን በቅጽበት ያተነዋል። በካንቶን ቻይንኛ ዎክ ሄይ የሚሉት ነገር አለ፤ "የዎክ እስትንፋስ" ማለት ነው። ዎክ በሚሉት በጣም በጋለ ጎድጓዳ መጥበሻቸው ውስጥ ምግቡ የሚያገኘው ጭስ ጭስ የሚል ጣዕም ነው። የቤት ምድጃ ያንን ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ግን ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ከጠበሱ በጣም ይቀርባል። አሁን 400 ግራም ስጋ ካለኝ ለሁለት ከፍዬ ነው የምጠብሰው። ሁሉም ነገር የተለወጠው በዚህ ነው።

አንቺ ያስተማርሽኝ ዝግ ያለ እሳት ነው። ድስቱ ጎን ቆሞ መጠበቅን፣ አለመቸኮልን። ይሄኛው ደግሞ የችኮላ ምግብ ነው፤ እሳቱ ላይ ከወጣ አስር ደቂቃ አይቆይም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚያልቀው እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ነው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ትዪኝ አልነበር? ነጭ ሽንኩርት ልፈልግ ብዬ ዞር ስል ስጋው ያርርብኛል። አሁን ሁሉንም ከትፌ፣ ሶሱን በጥብጬ፣ በየሳህኑ ደርድሬ ነው የምጀምረው።

ወደ ስጋው ልምጣ፣ ያንቺ ችግር እሱ ነበርና።

ሽንጥ እገዛለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ አስገባዋለሁ። እንደ ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ግን አይደለም፣ ጠንከር እስኪል ብቻ። ያን ጊዜ ቢላው ሳይንሸራተት 3 ሚሊ ሜትር ያህል አሳስቶ ይቆርጠዋል። ከዚያ የስጋውን ክሮች አያለሁ። ጠጋ ብለሽ ካየሽው ክሮቹ በአንድ በኩል ተሰልፈው ይታያሉ። በእነሱ አቅጣጫ ከቆረጥኩት ረጅም ክር አፍሽ ውስጥ ይገባል፣ ማኘኩ አያልቅም። አግድም ከቆረጥኩት ግን ክሩ አጭር ይሆናል። ጥርስ ሊሠራው የነበረውን ሥራ ቢላው ቀድሞ ይጨርሰዋል። ያን ቀን ያመጣሁልሽን ስጋ አስታውሼ ሳስበው፣ ወፍራም ሆኖ በክሩ አቅጣጫ የተቆረጠ ነበር። ጥፋቱ የጥርስሽ ብቻ አልነበረም።

ሌላም ዘዴ አለ። ለ400 ግራም ስጋ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ በጥብጬ አሸዋለሁ። 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ሶዳው የስጋውን አሲድነት ይቀንሰዋል። ያን ጊዜ ፕሮቲኑ ሲሞቅ እንደ ወትሮው አጥብቆ አይጨማደድም፣ ውሃውንም ይዞ ይቀራል። ብዙ ከሆነ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል፣ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ሲበቃው በውሃ አለቀልቀውና በንጹህ ፎጣ ጠርጌ አደርቀዋለሁ። እርጥብ ስጋ አይጠበስም። በመጨረሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና ትንሽ ዘይት አሸዋለሁ። ስታርቹ ስጋውን እንደ ስስ ልብስ ይሸፍነዋል፣ ሶሱም እላዩ ላይ ይይዛል። ባለፈው እሑድ የሠራሁትን በሹካ ጎን ብቻ ተጭኜ ቆረጥኩት። ቢላ አልነካሁም። ያን ጊዜ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ጨዉን ደግሞ ቁጭ ብዬ አሰላሁት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2000 ሚሊ ግራም ያነሰ ሶዲየም ይላል። በጨው ሲታሰብ 5 ግራም አይሞላም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ሐኪምሽ ከዚያም ያነሰ ካለሽ የሚበልጠው የእሱ ቃል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ መደበኛ ሶያ ሶስ ብቻውን 900 ሚሊ ግራም አካባቢ ሶዲየም አለው። የቀኑን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም! ምግብ ቤት ደግሞ ስንት ማንኪያ እንደሚያፈሱ አናይም። እኔ ለአራት ሰው የምጠቀመው ጨው የተቀነሰለትን ሶያ ሶስ ነው፣ እሱንም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ። ሶዳውም ሶዲየም ስላለው አብሬ ቆጥሬዋለሁ። ኑድሉን ጨው የሌለበት ስገዛ ለአንድ ሰው ከ450 ሚሊ ግራም በታች ይሆናል። ሌላ ጨው ጠብ አላደርግበትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጨው ቀንሷል ከሚባለው ሶስ አንዳንዱ በጨዉ ፋንታ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ሌላ ጨው ይገባበታል። ከደም ግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ሰውነት ውስጥ ፖታሲየም እንዲጠራቀም የሚያደርጉ አሉ። እኔ የምገዛውን ጠርሙስ ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፣ የለበትም። አንቺ ራስሽ ከገዛሽ ግን መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂልኝ።

ጨው ሲቀንስ ጣዕም ይጎድላል ብለሽ እንዳትሰጊ። የደረቀ እንጉዳይ በሙቅ ውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ ውሃውንም አልደፋውም። ከሶሱ ጋር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናዬ ኢኬዳ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት የባሕር አረም መረቅን የሚያጣፍጠው ግሉታሜት መሆኑን ደረሰበትና ጣዕሙን ኡማሚ አለው። እንጉዳይም ያንኑ ጣዕም ይሰጣል። ግማሽ ኩባያ የእንጉዳይ ውሃ፣ ሁለቱ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሩዝ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች። ሶሱ ይኸው ነው። ስታርቹ ሥሩ ስለሚዘቅጥ ከማፍሰሴ በፊት እንደገና አማስለዋለሁ።

አትክልቱ ቀላል ነው። ካሮቱን እንደ ክብሪት እንጨት አቀጥነዋለሁ፣ ብሮኮሊውን ደቀቅ አደርገዋለሁ። ምግብ ቤቶቹን ቀጭ ቀጭ ማለቱ ነው ደስ የሚላቸው። ላንቺ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጌ ለሁለት ደቂቃ እከድነዋለሁ፣ ይለሰልሳል፣ አረንጓዴነቱም አይጠፋም። ጥቅል ጎመንና ቃሪያ መጨረሻ ላይ ይገባሉ።

ኑድሉን ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው አንድ ደቂቃ ቀድሜ አወጣዋለሁ፣ መጥበሻው ላይ ይጨርሳልና። በቀዝቃዛ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ስታርቹ ሲታጠብለት አይጣበቅም። ውሃው ጠፈፍ ሲል ጥቂት ዘይት ነካ አደርገዋለሁ።

ከዚያ እሳት! መጥበሻው ጭስ ሊል ሲል ዘይት፣ ቀጥሎ የስጋው ግማሽ። ዘርግቼ አንድ ደቂቃ አልነካውም። ማማሰል ያምረኛል፣ ግን እጄን እይዛለሁ፤ ካልተረጋጋ መልክ አያወጣም። አገላብጬ አወጣዋለሁ፣ ሁለተኛውን ግማሽ እንዲሁ። አትክልቱ ተራውን ይጠብቃል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ቶሎ ስለሚያርሩ ለግማሽ ደቂቃ ብቻ። ስጋው ይመለሳል፣ ኑድሉ ይገባል፣ ሶሱ በመጥበሻው ዳር ዳር ይፈሳል። ሲወፍርና ሲያብረቀርቅ እሳቱን አጠፋለሁ። የሰሊጥ ዘይት መጨረሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ እሳት ላይ ሽታው ይበናል።

እማዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሁሉንም ይዤ ነው የምመጣው፣ ምንም እንዳትገዢ። ዎክ ልገዛ አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ያ ወፍራም የብረት መጥበሻሽ ይሻላል። ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ስጋው ሲገባበት ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ለቤት ምድጃ ደግሞ ተስማሚው እሱ ነው። እጅሽን ከበደሽና ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዳወጣሽው አውቃለሁ።

ፍሪዘርሽ ውስጥ ለአንድ ሳህን የሚሆን ቦታ ልቀቂልኝ። ሌላ ምንም አትሥሪ። መጥበሻውን ደግሞ አደራ፣ ወንበር ላይ ቆመሽ ራስሽ እንዳታወርጂው። እኔ ስመጣ አወርደዋለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ