ቆሞም የሚበላ አውቶብስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኤሌክትሪክ አውቶብስ ወሬ በተነሳ ቁጥር ቶሎ የሚጠየቀው «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ነው። አምራቹ የሚሰጠው ቁጥር መኪናና እግረኛ በሚርመሰመስበት የንግድ ማዕከል እምብዛም አይሠራም። እዚያ ከሄደበት ርቀት ሌላ የቆመበት ሰዓትም ባትሪውን ይጨርሰዋል።

በሒሳብ እንየው። ባለ 12 ሜትር አውቶብስ ለመንቀሳቀስ ብቻ በኪሎ ሜትር 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል እንበል። መንገድ ሲዘጋ ሞተሩ ምንም አይወስድም፤ ፍሬን ሲያዝም ከጉልበቱ ከፊሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ኤሲው፣ የአየር ኮምፕረሰሩና መብራቱ ግን መንገድ ተዘጋ ብለው አያርፉም። በሞቃት ቀን ተደምረው 8 ኪሎዋት ቢወስዱ፣ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር በሚጎተት መስመር ላይ በየኪሎ ሜትሩ 0.67 ይጨምራሉ። በሰዓት 18 ቢሄድ ጭማሪው 0.44 ነው። በቀን 170 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ አውቶብስ የመጀመሪያው 267፣ ሁለተኛው 228 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ባትሪው 300 ቢሆንና ዕድሜው እንዳያጥር 80 በመቶው ብቻ ቢሠራበት ያለው 240 ነው። አንደኛው አውቶብስ ቀኑ ሳያልቅ ከሥራ ይወጣል፤ ሁለተኛው ማታ በራሱ ኃይል ዴፖ ይገባል።

ስለዚህ ለአውቶብስ ብቻ የተከለለ መስመር የባትሪው አካል ተደርጎ በጀት ሊያዝለት ይገባል። ቀለም መቀባቱ ብቻውን አይበቃም፤ ዕቃ የሚያወርዱ መኪኖች ጠዋቱን ሙሉ ይተኙበታልና የማውረጃ ሰዓታቸው ወደ ሌሊት ይዛወር። «ትልቅ ባትሪ እንግዛ» ለሚሉ ደግሞ፣ ተጨማሪ 100 ኪሎዋት ሰዓት ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ያ ክብደት የሚቀነሰው ከተሳፋሪ ነው።

ሁለተኛው ማነቆ ዴፖው ነው። 30 አውቶብሶች ማታ ገብተው በ120 ኪሎዋት ቻርጀር ላይ እኩል ቢሰኩ 3,600 ኪሎዋት ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ 230 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢፈልግና በ6 ሰዓት ውስጥ ቢከፋፈል፣ በቻርጅ ወቅት የሚባክነው 10 በመቶ ተጨምሮም 1,300 ኪሎዋት ይበቃል። ይህን የሚያደርገው ተራ የሚያስይዝ ሶፍትዌር ነው፤ ማለዳ ቀድሞ የሚወጣው ቀድሞ ይሞላል። ይህ ሳይሰላ ትራንስፎርመር ማዘዝ ገንዘብ መቅበር ነው። የሶኬቱ ዓይነትም ጨረታው ላይ ይጻፍ፤ የአውሮፓው የቻርጅ ደረጃ የሲሲኤስ 2 መሰኪያ የቻይናው ጂቢ/ቲ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ከትንሽ ነገር ይነሳል። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ አውቶብሱ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ባለ 24 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ይታይ፤ እሱ ከደከመ ኮንታክተሮቹ፣ ማለትም የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚያገናኙት ማብሪያዎች፣ አይገናኙም። ከሥር በኃይለኛ የውሃ ግፊት ሲታጠብም እርጥበት ኮኔክተር (የገመድ ማያያዣ) ውስጥ ገብቶ የኢንሱሌሽን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ እንዳያፈስ የሚከላከለው ሽፋን፣ ማስጠንቀቂያ ያበራል፤ ያኔ አውቶብሱ ሥራ ያቆማል። ዴፖው ከፍታ ላይ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን 100 በመቶ መሙላት ጥሩ አይደለም። የሞላ ባትሪ ከፍሬን የሚመለሰውን ኃይል አይቀበልም፤ ሾፌሩም ቁልቁለቱ ላይ የለመደውን የሞተር ፍሬን ያጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። አውቶብሱ በዝግታ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም፤ እግረኛ የሚበዛውም አውቶብስ በዝግታ በሚሄድበት ሥፍራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 138 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት ድረስ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ይጠይቃል። ሾፌሩ ይህን ድምፅ የሚያጠፋበት ቁልፍ ዳሽቦርዱ ላይ ካለ ርክክብ አይፈጸም።

ከሰላምታ ጋር