አባባ አንቺን ይሰማል

እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ጠፍቼብሻለሁ፤ ይቅር በይኝ፣ ሰበብ አልደረድርም። የዘጌውን ነገር እስከ ዛሬ ይዘሽብኝ ከሆነ ደግሞ ስትመጪ እንጨርሰዋለን፤ ቂም ላይ ጎበዝ መሆንሽን አውቃለሁ።

የጻፍኩልሽ ስለ አባባ ነው። የልቡን ነገር ሰምተሻል። ታንኳ ሲቀዝፍ የምታውቂው ሰው አሁን ከሽምብጥ ሰፈር ጣና ሐይቅ ዳር እስኪደርስ እየቆመ ይተነፍሳል። ውጭ ያለው ወንድሜ ደግሞ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል መነሻ ሕዋስ) በመርፌ የሚሰጥ ክሊኒክ አገኘሁ፣ ቤቱ ይሸጥ ይላል።

ሌሊት ሌሊት ሳነብ ከረምኩ። የልብ ጡንቻ ራሱን የሚተካው በጣም በዝግታ ነው፤ በ25 ዓመት ዕድሜ እንኳ በዓመት ከመቶ አንድ ገደማ ሕዋስ ብቻ ይታደሳል፣ ሲያረጁ ከዚያም ይቀንሳል። ደም የተቋረጠበት ክፍል ሞቶ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ ደም አይገፋም። ስለዚህ አዲስ ሕዋስ እንተካለን ሲሉ ልቤ ይደነግጣል፣ ደስም ይለኛል። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ተራ ሕዋስን ወደ መነሻ ጠባዩ መልሶ በፈረንጆቹ 2012 ኖቤል ተሸለመ፤ በ2020 ኦሳካ ላይ በዚያ መንገድ የተሠራ ስስ የልብ ጡንቻ በበሽተኛ ልብ ላይ ተለጠፈ። ይህ እውነት ነው። ግን ጥቅሙ ገና እየተጠና ነው፤ የተተከለው ሕዋስ ከነባሩ ጋር ካልተስማማ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል።

ያስፈራኝ ሌላው ታሪክ ነው። በ2001 አንድ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የመቅኔ ሕዋስ የአይጥን ልብ አደሰ አለ፤ ሌሎች ሲሞክሩት አልሆነም። በ2018 ሃርቫርድ ከዚያው ተመራማሪ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች እንዲሻሩ ጠየቀ። በመካከሉ ስንት ሕመምተኛ ተስፋ አደረገ!

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለወንድሜ እምቢ ልለው ስል ምላሴ ይታሰራል። እንዴት ልበልሽ… አንዳንድ ሌሊት እኔም ይሸጥ እላለሁ። አባባ ደግሞ የመርፌውን ወሬ ከሰማ ወዲህ ክኒኑን ችላ ብሏል። ከሁሉ የከፋብኝ ይህ ነው።

አንቺ ከልብ ሕሙማን ጋር ነው የምትውዪው። እባክሽ ቅዳሜ ማታ ደውይለት፤ ክኒኑን እንዳያቋርጥ አንቺ ንገሪው። ወንድሜንም ክሊኒኩ ሙከራውን የት እንዳስመዘገበ፣ ያልተረጋገጠ ሕክምና ለምን እንደሚሸጥ ጠይቂልኝ። ስልኩን ከታች ጽፌልሻለሁ።